መጀመሪያ ወንበር ምረጡ፦ በባሕር ዳር የባጃጅ፣ የሚኒባስና የጀልባ ውስጥ ድምፅ እንዴት ይቀዳል?

የተሽከርካሪ ውስጥ ድምፅ መቅዳት የሚፈልግ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ምን ዓይነት ማይክ ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «የት ልትቀመጥ ነው?» እላለሁ። አንድ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና የተቀመጠና ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚሰሙት ድምፅ አይገናኝም። ውድ ማይክ ይዞ የትም ከተቀመጠ ሰው ይልቅ፣ ተራ ስልክ ይዞ ቦታውን የመረጠ የተሻለ ድምፅ ይዞ ይወርዳል።

ባሕር ዳር ለዚህ ሥራ ትመቻለች። ባጃጅ አለ፣ ሚኒባስ አለ፣ ቅጥቅጥ አለ፣ ሳይክል አለ። ከሁሉ በላይ ጣና ሐይቅ አለ። አንድ ጠዋት ላይ አስፋልቱንም፣ ኮብልስቶኑንም፣ ውኃውንም ማዳረስ ይቻላል። ደግሞም እነዚህ ድምፆች እንዳሉ አይቆዩም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የኤሌክትሪኩ ተራ እየመጣ ነው። ዛሬ ሰልችቶን የማንሰማው የናፍጣ ሞተር ጉርምርምታ ነገ ተፈልጎ አይገኝም። ስለዚህ አሁን መቅዳት ይሻላል።

1. ስልኩን ማዘጋጀት

ለመጀመሪያ ስልክ ይበቃል። ችግሩ፣ ከስልኩ ጋር የሚመጣው የድምፅ መቅጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ለንግግር ነው። የሰው ድምፅ ጎልቶ እንዲሰማ ሲል ሞተሩን እንደ ረብሻ ቆጥሮ ያጠፋዋል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ራሱን ሞተሩን ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ረብሻ የሚቀንሰውንና ድምፁን በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን አጥፉ። አንድሮይድ ከ7ኛው ስሪት ጀምሮ ያልተነካካ ድምፅ ለአፕ የሚሰጥበት መንገድ አለው፤ ሁሉም ስልክ ግን አይደግፈውም።

የእናንተ ስልክ እንዲህ ያለውን ድምፅ ያጠፋ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ፍሪጅ ወይም ቬንትሌተር አጠገብ አስቀምጡትና አንድ ደቂቃ ቅዱ። መልሳችሁ በኢርፎን ስሙት። ድምፁ ጥሩ ጀምሮ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ እየሟሸሸ ከሄደ ስልኩ እያጠፋው ነው ማለት ነው። ሌላ አፕ ሞክሩ።

የሚቀዳው ፋይል ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጠው ዋቭ (WAV) ይሁን፤ 48 ኪሎኸርዝ፣ ከተቻለ 24 ቢት። በዚህ መጠን አንድ ሰዓት የስቴሪዮ ቅጂ ወደ 1 ጊጋባይት ይደርሳል፤ 16 ጊጋባይት ካርድ ላይ 15 ሰዓት ገደማ ይገባል። ኤምፒ3 ቦታ ይቆጥባል፤ ግን አንዴ የጣለውን ድምፅ መልሶ አይሰጣችሁም።

የድምፁ ከፍታ ላይ አትስገብገቡ። መቅጃው ላይ ባለው መለኪያ ዜሮ ጣሪያው ነው፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢደርስ ይበቃል። ኮብልስቶን ላይና ማዕበል ላይ ግን ከዜሮ በታች ወደ 18 አውርዱት፤ ጉድጓድና ሞገድ ሳይታሰቡ ነው የሚመጡት። ዝቅ ብሎ የተቀዳ ድምፅ ቤት ገብታችሁ ከፍ ይላል። ጣሪያ ነክቶ የተቀደደ ድምፅ ግን አይጠገንም።

በመጨረሻ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። መደወሉ ብቻ አይደለም ችግሩ። ስልክ በ2ጂ ኔትወርክ ሲሠራ አጠገቡ ያለ የማይክ ገመድ ውስጥ «ትድት ትድት» የሚል ድምፅ ያስገባል። በተለየ መቅረጫ የምትቀዱ ከሆነም ስልካችሁን ራቅ አድርጉት።

2. ንፋስና ንዝረት

ቅጂ የሚያበላሹት በብዛት ሁለቱ ናቸው።

ንዝረቱን ለመቀነስ ማይኩን የመኪናው ብረት፣ ዳሽቦርዱ ወይም መስኮቱ ላይ አታስደግፉ። እጃችሁ ላይ ያዙት፤ ክርናችሁም ግድግዳውን አይንካ። የሰው ገላ ንዝረትን ጥሩ አድርጎ ይውጣል። እጅ ከደከመ ጋቢ አጥፋችሁ ጭናችሁ ላይ አድርጉና በላዩ አስቀምጡት። ስፖንጅም ይሆናል። የተሻለ ከፈለጋችሁ አፉ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ጣሳ አፍ ላይ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲኮችን አጣምራችሁ ወጥሩና ማይኩን መሃላቸው አንጠልጥሉት።

ለንፋስ ከሱቅ የሚገዛው ፀጉራም የማይክ ልብስ ጥሩ ነው። ራሳችሁ የምትሠሩት ከሆነ አጎዛ አትጠቀሙ። ፀጉሩ ቢያምርም ቆዳው ድምፅ አያሳልፍም። የጃኬት ኮፍያ ጫፍ ላይ የሚሰፋው አርቴፊሻል ፀጉር ይሻላል፤ ጀርባው ጨርቅ ስለሆነ ድምፅ ያሳልፋል። ዋናው ነገር ጨርቁ ማይኩ ላይ እንዳይለጠፍ ነው። በመሃላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ንፋሱን የሚያቆመው ክፍተቱ ውስጥ ያለው የረጋ አየር ነው። ሌላ ነገር ከሌለ በአንድ ድርብ ነጠላ ማይኩን ሳይነካ መጋረድም ይረዳል።

መስኮትን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። መኪና ፈጠን ሲል አንድ መስኮት ብቻ ከተከፈተ «ውብ ውብ» የሚል ጆሮ የሚደልቅ ግፊት ይፈጠራል። ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ሲባል የሚሆነው ነው። ሙሉ መኪናው ጠርሙሱ ሆነ ማለት ነው። በሌላ በኩል ያለ መስኮት ትንሽ ከተከፈተ ይተዋል። ወይ ሁሉንም ዝጉ፣ ወይ ሁለት ክፈቱ።

3. ፈቃድ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ሰው አጠገብ ማይክ ይዞ መቀመጥ ያስጠረጥራል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ይበልጥ። ከመነሳታችሁ በፊት ለሹፌሩና ለረዳቱ ንገሩ። ረዥም ማብራሪያ አያስፈልግም፦ «ወንድሜ፣ የመኪናዋን ድምፅ ልቀዳ ነበር። ሞተሩን፣ በሩን፣ መንገዱን። የሰው ወሬ አይደለም የምፈልገው። ይቻላል?» ሹፌሩ በዕድሜ ከበለጡ «ጋሼ» ብላችሁ ጀምሩ። አብዛኛው ሹፌር መኪናውን የሚወድ ሰው ነው፤ ሞተሩ እንዲህ ሲጠየቅለት ደስ ይለዋል። «ቆይ ጋዝ ልስጥልህ» የሚልም አለ። በዚህ ጊዜ አመስግናችሁ እንደ ሁልጊዜው እንዲነዳ ለምኑት።

ጎናችሁ ለተቀመጠውም ሰው ንገሩ። ቃሉ ተለይቶ የሚሰማ የግል ወሬ ከገባ ቆርጣችሁ ጣሉት። የብዙ ሰው ድብልቅ ጫጫታ ግን የቦታው ድምፅ ነው፤ እሱ ይቆይ።

ኬላ ላይ፣ ካምፕ አጠገብ፣ ፍተሻ ባለበት ሁሉ መቅረጫውን አጥፉና ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። 380 ሜትሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይም ድምፁ ያጓጓል፤ ጎማ መገጣጠሚያዎቹን ሲያልፍ «ዱብ» የሚለው ነገር ደስ ይላል። ጥበቃ ካለ ግን መጀመሪያ ጠይቁ። «አይቻልም» ከተባለ ክርክር የለም።

4. ባጃጅ

በኮንትራት ያዙት። ብቻችሁን ስትሆኑ ቦታም መንገድም ትመርጣላችሁ።

የባጃጅ ሞተር ከኋላ ነው፤ ተሳፋሪው ከበላዩ ማለት ይቻላል የሚቀመጠው። ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ያቺ አንድ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ትፈነዳለች። ይህ በጣም ወፍራም ድምፅ ነው፤ የስልክ ስፒከር አያወጣውም። በስልክ ስፒከር የምንሰማው ተከትለውት የሚመጡትን ቀጫጭን ድምፆችና የቆርቆሮውን መንቀጥቀጥ ነው። ስለዚህ ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን ማጣሪያ ስትቀዱ አታብሩት። ካስፈለገ ቤት ገብታችሁ ትቆርጡታላችሁ።

መቀመጫችሁ ከሹፌሩ ጀርባ ይሁን። ጀርባው የንፋስ መከታ ይሆናችኋል። ማይኩን በደረት ቁመት ወደ ፊት አዙሩ። ዳር ከተቀመጣችሁ ንፋሱ ሁሉን ይበላዋል። መጀመሪያ አስፋልት ላይ፣ ለምሳሌ ከጊዮርጊስ ወደ ዓባይ ማዶ፣ ቀጥሎ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ላይ ቅዱ። ያው ባጃጅ ሁለት የተለያየ ተሽከርካሪ ይመስላል።

ክረምት ላይ ደግሞ የጎኑ ፕላስቲክ ወርዶ ዝናብ ሸራውን ሲመታ መቅዳት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከሚቀዱ የመኪና ድምፆች እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ሹፌሩ ዝናቡን ለማሳለፍ ጥግ ይዞ ሞተሩን ካጠፋ መቅረጫውን አትንኩት።

5. ሚኒባስና ቅጥቅጥ

የተለመደው የቶዮታ ሚኒባስ ሞተሩ ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። ጋቢና ከተቀመጣችሁ ሞተርና ማርሽ ትቀዳላችሁ። መሃል ላይ፣ ከተንሸራታቹ በር ትይዩ፣ ረዳቱን ታገኛላችሁ፤ የሰፈር ስም እየጠራ «ፔዳ! ፔዳ! ፔዳ!» የሚለውን፣ በሩን ገጭ አድርጎ የሚዘጋውን፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እና «ወራጅ አለ!» የሚለውን ሁሉ። የመጨረሻው ወንበር የኋላው በር መንቀጥቀጥና የመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ የሚሰማበት ቦታ ነው። ሦስቱንም በአንድ ጉዞ ለማግኘት አትሞክሩ። አንድ ጉዞ፣ አንድ ወንበር።

ቅጥቅጥ ላይም ሞተሩ ከፊት ነው። ወደ ጎንደር ያለው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለረዥም ቅጂ ይመቻል። ከመሃል ትንሽ ወደ ኋላ፣ መተላለፊያው ጋ ተቀመጡ። የመስኮት ዳር ወንበር ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይጠቅምም፤ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ንፋስ ያፏጫል፣ ድምፁም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ዋናው ጠላት ሬዲዮው ነው። ዘፈን የገባበት ቅጂ ለሌላ ሥራ አይውልም፤ ዘፈኑ የሰው ንብረት ነው። ደግሞም ኋላ አውጥታችሁ አትጥሉትም። ሹፌሩን ለአሥር ደቂቃ እንዲያጠፋው ጠይቁ። ካልተቻለ ማለዳ፣ የመጀመሪያውን ጉዞ ሞክሩ።

ሳታቋርጡ ቅዱ። በሩ ከተዘጋበት እስከ ተከፈተበት ድረስ አንድ ፋይል ይሁን። መኪናው ሲቆም ብዙ ሰው መቅረጫውን ያጠፋል። ጥሩው ግን ያን ጊዜ ነው የሚመጣው። ሞተሩ ዝግ ሲል የታፈነው ሁሉ ይወጣል፤ ሳል፣ የብር ቆጠራ፣ የፌስታል ኮሽታ፣ ከውጭ የጀብሎ ጥሪ። መናኸሪያ ገብቶ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ደግሞ የጋለው ብረት ሲቀዘቅዝ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ቢያንስ አንድ ደቂቃ ቆዩ።

ሁለት ትንንሽ የደረት ማይኮች ካሏችሁ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። በኮፍያ ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ አጠገብ አያይዟቸው። በመሃላቸው ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኖራል፤ ጭንቅላትም መሃል ገብቶ ሁለቱን ይለያል። በኢርፎን የሚሰማ ሰው ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ጭንቅላታችሁን ካዞራችሁ ግን መኪናው በሙሉ ይዞራል፤ ፊት ለፊት እያያችሁ ተቀመጡ።

6. የሞተር ጀልባ

ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ በትንሽ ሞተር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለመቅዳት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ማለዳ ውጡ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ንፋስ ይነሳል፤ ማዕበሉም ይከተላል።

ሞተሩ ከኋላ ነው። ስለዚህ ጀልባው ላይ የምትቀመጡበት ቦታ ከመኪና ይበልጥ ለውጥ ያመጣል። ከኋላ ሞተር ብቻ ነው። መሃል ላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ የሞተሩና የሰው ድምፅ ይመጣጠናል፤ ጣሪያው ግን ድምፁን ስለሚመልሰው ትንሽ ጎርናና ይሆናል። ፊት ላይ ሞተሩ ራቅ ይላል፤ ውኃው የጀልባውን ሆድ በጥፊ ሲመታ ጥርት ብሎ ይሰማል። እኔ ፊቱን እመርጣለሁ። ንፋስ ግን አለ፤ ጀርባችሁን ወደ ንፋሱ አዙሩና ማይኩን ከደረታችሁ ሥር ሸጉጡት። በመሃል ነጂውን ሞተሩን አጥፍቶ ለአምስት ደቂቃ እንዲያንሳፍፍላችሁ ለምኑት።

እዚህ ላይ ርካሽና ድንቅ የሆነ መሣሪያ አለ፤ የፒዬዞ ሳህን። አሻንጉሊትና አላርም ውስጥ የሚገባው ክብ ነሐስ ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ ሰዎች ጋ ይገኛል። የተሸፈነ ገመድ በይዱበትና በፕላስተር የጀልባው ወለል ላይ ለጥፉት። በአየር የሚመጣውን ድምፅ ሳይሆን በጀልባው አካል የሚያልፈውን ይሰማል፤ የሞተሩን ምት፣ የውኃውን ግፊት፣ የእግር ኮቴን። ንፋስ አይነካውም። አንድ ነገር ግን አለ፤ ፒዬዞን በቀጥታ ተራ የማይክ ቀዳዳ ላይ ከሰካችሁት ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና ቀጭንና ደረቅ ይሆናል። የጊታር መግቢያ ያለው መቅረጫ ወይም መሃል ላይ የሚገባ ትንሽ ማጉያ ያስፈልገዋል።

ያንኑ ሳህን ውኃ እንዳይገባው በደንብ ከሸፈናችሁት ሐይቁ ውስጥም መስቀል ይቻላል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጀልባው ቆሞ ብቻ! አለበለዚያ ገመዱ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1480 ሜትር ይሄዳል፤ በአየር ካለው ከአራት ጊዜ በላይ ነው። ሩቅ ያለ ጀልባ ገና በጆሮ ሳይሰማ ፕሮፔለሩ በሳህኑ ይሰማል።

ገዳማቱ አጠገብ ስትደርሱ ቅዳሴና ደወል በውኃው ላይ ይመጣል። ከመውረዳችሁ በፊት አጥፉና አባቶችን አስፈቅዱ። ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡበትም፤ ቡድናችሁ ውስጥ ሴት ካለች ጉዞውን በዚያው ልክ አስቡ።

የሕይወት ጃኬት ልበሱ። መቅረጫውን በገመድ እጃችሁ ላይ እሰሩት፤ ትርፍ ባትሪና ካርድ በሁለት ፌስታል ደራርባችሁ ቋጥሩ።

7. ታንኳ

ታንኳ ከደንገል የሚሠራ ነው፤ ሞተር የለውም። እስካሁን ስለ ጩኸት ስናወራ ነበር፤ እዚህ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ድምፁ ቀጭን ነው። የመቅዘፊያ ጠብታ፣ የደንገሉ መሟጨር፣ ከሥር የሚሾልክ ውኃ፣ ከዳር የወፍ ጫጫታ። ስልክ እንዲህ ላለ ድምፅ ከፍ ሲደረግ የራሱ ሽሽታ ይሰማል። ለመጀመሪያ ስልክ ይበቃል ብያለሁ፤ ለታንኳ ግን ከተቻለ ደህና መቅረጫ ተዋሱ።

ታንኳ ውኃ ያስገባል፤ እርጥብ ቦታ ላይ እንደምትቀመጡ አውቃችሁ ውጡ። ፊት ተቀምጣችሁ ማይኩን ከጉልበታችሁ በላይ ያዙ። አትነቃነቁ፤ የሚንኮሻኮሽ ጃኬትም አትልበሱ። ቀዛፊው ዝም እንዲል አትጠይቁ፤ ካንጎራጎረ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ያዙት። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ድምፁን ለማግኘት ብላችሁ በታንኳ አትጠጉት፤ ከሩቅ፣ ከዳር ቅዱ።

8. ባቡርስ?

ባሕር ዳር ባቡር የለም። አዲስ አበባ ስትሄዱ ግን በ2008 ዓ.ም. የጀመረው ቀላል ባቡር አለ፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውም በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። ሁለቱም በኤሌክትሪክ ስለሚሄዱ የሞተር ጉርምርምታ አትጠብቁ። ሲነሳ ከፍ እያለ የሚሄድ ፉጨት፣ ኩርባ ላይ የመንኮራኩርና የሀዲድ ጭቅጭቅ፣ የበር ድምፅ ነው ያለው። ለኩርባው ጩኸት ከመንኮራኩሮቹ በላይ ያለ ወንበር፣ ለሰው ድምፅ የፉርጎው መሃል። ሠራተኞቹን አስቀድሞ ማስፈቀድ እዚህም ይሠራል።

9. ቤት ስትገቡ

በእያንዳንዱ ቅጂ መጨረሻ ላይ በድምፃችሁ ተናገሩበት፦ «ሐሙስ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከፔዳ ወደ ጊዮርጊስ፣ ሚኒባስ፣ የኋላ ወንበር፣ መስኮት ዝግ»። ወንበሩን መጥቀስ አትርሱ። ስልኩ ፋይሉን የሚሰይመው በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ስለሆነ፣ የጠዋቱ አንድ ተኩል 07:30 ሆኖ ይቀመጣል። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና ሁሉንም በዚያው ሰይሙ፤ ከተደባለቀ ከዓመት በኋላ አይፈታም።

የመጀመሪያውን ፋይል አትንኩት። ቆርጣችሁ፣ አጥርታችሁ የምትሠሩት በኮፒው ላይ ነው። ኦሪጅናሉን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከስልኩ ውጭ ይሁን።

ለጓደኛ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ድምፅ መልእክት አትቅዱት፤ ጨምቆ ለንግግር ብቻ የሚሆን ያደርገዋል። ዋቩን እንደ ፋይል አያይዙት። ሹፌሩም ስልክ ቁጥሩን ከሰጣችሁ ለእሱም ላኩለት፤ የገዛ መኪናውን ድምፅ ነው።